የአርብ ከሰዓት አጋንንት

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ ልጥራቸው። አንደኛው አያልነህ ነው፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ቴሌቪዥኑን ከልጆቹ አስበልጦ በጨርቅ የሚጠቀልል ሰው። ሁለተኛው ደመላሽ፤ የመተማ ልጅ፣ የሰሊጥ አጫጅ፣ እንግሊዝኛ ሳያውቅ የእንግሊዝኛ ፊልም የሚያስተረጉም። ሦስተኛው አያ ተገኘ፤ በክፉ ዘመን ከአርማጭሆ በኩል ልጆቻቸውን አዝለው ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገቡ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። አራተኛዋ ልጃቸው ይታይሽ ናት። አምስተኛው እኔ ሙላት፤ ያኔ በሰሊጥ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ፣ ዛሬ የአራት ልጆች አባትና የመጋዘን ጠባቂ። ስድስተኛ ካስፈለገ፣ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ የፈረንጅ ጋኔን አለ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ያለፈው ጥቅምት የሆነ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከመጋዘን ስመለስ ከሴት ልጄ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። በዚህ በያዝነው የጦርነት ዘመን ጩኸት ሲሰማ የሰው ልብ ቶሎ ይደነግጣል፤ ሮጬ በሩን ከፈትኩ። አምስት ልጆች አንድ አንሶላ ተከናንበው ስልክ ላይ አፍጥጠዋል። ከአምስቱ ሁለቱ ቤታቸውን ጥለው ከካርቱም በኩል የመጡ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ልጄ ሰላማዊት እዚሁ የተወለደች ናት፤ ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋታል።

"ምንድን ነው ይህ?" አልኩ።

"ማዓሌሽ ያ አቡይ! ይቅርታ አባዬ፣ ፊልም ነው። የሚያስፈራ ፊልም፤ ግን ወላሂ ምንም አያስፈራም።"

"የማያስፈራ ከሆነ ለምን ትጮኻላችሁ?"

"ለመጮህ ብለን ነዋ የምናየው!"

አፌ በስብከት ተሞልቶ ነበር። እኔ በቤቴ የታወቅሁ ነኝ። ፊደል የለየሁት ሸቀጥ ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከሥራ በኋላ፣ በምሳ ሰዓት። ስለዚህ ጊዜ በነጻ የተሰጠው ልጅ ጊዜውን ተንጋሎ ሲያባክን ካየሁ አልምርም። ፊልም የሥራ ፈት ነው እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ። ግን ስልኩን ልነጥቅ እጄን ስዘረጋ መስታወቱ ላይ ዱባ አየሁ። ዓይንና ጥርስ ወጥቶለት፣ ውስጡ ሻማ የበራበት ዱባ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹ ከፊልሙ ይልቅ በሳቄ ደነገጡ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ስስቅ አይተውኝ አያውቁም መሰለኝ። ሚስቴ ከግቢ ሆና ሰማችን።

"ዱባው ነው አይደል?" አለች። "በል ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ፣ ጆንያ በምሸከምበት ዘመን፣ ገዳሪፍ የምትሸተው አዲስ ሰሊጥና ቤንዚን ነበር። አጨዳው ከመስቀል ማግስት ይጀምራል፤ ጥቅምት ሲጋመስ ጆንያው በመኪና ላይ መኪና እየሆነ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ እኛ ተሸካሚዎችም ጀርባችን አይቀናም። የለበስነው አንድ ዓይነት ነበር። ጉልበቱ የተጣፈ ካኪ ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ በራስ ላይ የተጠመጠመ የዱቄት ከረጢት። የሱዳን ነጋዴዎች ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በአቧራው መካከል ያልፋሉ፤ አቧራው ለምን እነሱ ላይ እንደማያርፍ ገብቶኝ አያውቅም። የኛ ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ፣ ለገበያ የሱዳኖቹን ቶብ ያጣፉ ነበር፤ ከሩቅ ሲመጡ ማን የማን አገር እንደሆነች የሚለየው በአረማመድ ብቻ ነው። አንድ ሳህን ፉል ሦስት ጅኔ ነበረ፤ ጅኔ ማለት የሱዳኑ ብር ነው። ሻይ ከዚያ በጣም ያነሰ። ከዘይት መጭመቂያው ማዕዘን የምትቀመጠው ሻይ ሻጭ ቴፕ ነበራት፤ የሱዳን ዘፈን ቅኝቱ ከእኛው ጋር ዘመድ ስለሆነ ቃሉን ሳናውቅ አብረን እናዜም ነበር። አንዱን ዘፈን ለዓመታት የፍቅር ነው ብዬ ሆዴ እየባባ አንጎራጉሬዋለሁ፤ አረብኛ ስለምድ ለካ ስለ ዘገየ ባቡር ነው።

አርብ ገበያው ይዘጋል፤ ሱዳኖቹ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ለእኛ ደግሞ አርብ የጾም ቀን ነው፤ ካህናቱም ሆድ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ይጹም ይላሉ። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱ፤ ሥራ የምንፈታው ዓይናችን ሊጾም በሚገባው በዚያው ቀን ነው። የአያልነህ ቪዲዮ ቤትም የሚከፈተው አርብ ከሰዓት ነበር።

ቤት ያልኩት ለአክብሮት ነው። የማሽላ አገዳ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፤ ብርሃን እንዳይገባ ውስጡ በጥቁር ላስቲክና በአሮጌ ጆንያ የተለበደ። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ የበሩን ጆንያ ገልጠህ ስትገባ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ያውም ሙቀቱ የሚብስበት ጨለማ። የምንቀመጠው ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ ነው። ጄነሬተሩ ከጓሮ ያጓራል፤ አያልነህ ያንን ለማሸነፍ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ደመላሽ ደግሞ ሁለቱን ለማሸነፍ ከጎን ቆሞ ይጮሃል። መግቢያው ሁለት ጅኔ ነበር፤ ከፉል ይረክሳል። ብዙ ጊዜ ፉሉን ትቼ ጋኔኑን መርጫለሁ።

አያልነህ ካሴቶቹን ከጅዳ ከሚመለሱ ሰዎች በጅምላ ይገዛል። ጥሩ ጥሩውን ሌሎች ይቀድሙታል፤ ለእሱ የሚተርፈው ማንም ያልፈለገው ነው። ማንም ያልፈለገው ደግሞ ሁልጊዜ የጋኔን ፊልም ነበር። ፈረንጆች በእነሱ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ አንድ የሙታን በዓል አላቸው፤ ልጆቻቸው ጭንብል አጥልቀው በየደጁ ከረሜላ ይለምናሉ፣ ዱባ ፈልፍለው ሻማ ያበሩበታል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የምናውቀው ዱባ ከታየ ሰው እንደሚሞት ብቻ ነበር። ፊልሞቹ ደግሞ ድሆች ናቸው፤ እኛም ድህነትን ከሩቅ እንለያለን። ደሙ ቁርጥ ከርከዴ፣ ቀዩ የሱዳን መጠጥ ነው። "ኧረ በረዶ ጨምሩበት፣ እንጠጣው!" ይላል አንዱ። የሌሊት ወፏን የሚጎትታት ክር ይታያል። መቃብር ፈንቅሎ የወጣ ሬሳ የእጅ ሰዓት አስሮ አይተናል፤ ደመላሽም አላለፈውም፣ "ጌታው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ብሎ ጠየቀው። አንዲት ብጫ ጸጉር ያላት ልጅ ደግሞ በየፊልሙ ትሞታለች።

"ይቺን ያለፈው አርብ ቀብረናት የለም እንዴ?"

"ተዝካሯን ልትበላ መጥታ ነው!"

ደመላሽ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው "ኖ" የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱንም አንዳንዴ "እሺ" ብሎ ይተረጉመዋል። ግን ታሪኩ አይቋረጥበትም። "ይህ ሰውዬ የሸኸዲ ነጋዴ ነው" ብሎ ይጀምራል፤ "ያቺ ሚስቱ ናት። ቤቱን የገዙት ሳይጠይቁ ነው። ጋኔን እንዳለበት አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የደላላ ነገር ሆኖ ማንም አልነገራቸውም።" እኛም እናምነዋለን። ፈረንጁ ሰውዬ በደመላሽ አፍ ስለ ዝናብ ማጠር ያማርራል፣ ሚስቱ የእኛን ደመወዝ ስለሚከፍለው ስለ ወኪሉ ክፋት ትናገራለች፤ አንድ ጊዜማ ፖሊሱ "ወረቀትህን አሳየኝ" ብሎ ጋኔኑን ሲጠይቀው ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

በፈረንጅ ፊልም ጋኔን ሲመጣ ሰው ይሮጣል። ይህ ገብቶን አያውቅም። በእኛ አገር ሰው ተያዘ ሲባል ዘመድ ይሰበሰባል እንጂ አይበተንም። የተያዘው መሀል ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ይጠይቃል። ማን ነህ? የት ያዝኸው? ምን ብንሰጥህ ትለቃለህ? የያዘውም ይለፈልፋል፤ ስሙን ይናገራል፣ ያገኘበትን ወንዝ ይናገራል፣ አመድ አምጡልኝ ይላል፣ አመዱን ቅሞ ይለቃል። ልማዱን ላወድስ አይደለም። በዚሁ ሰበብ ስንት ምስኪን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ባልዋለበት ስሙ ተጠርቶ ጎረቤት አጥቷል፤ ልጆቼ ይህንንም እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ያስፈራህን ነገር ፊት ለፊት ማን ነህ ብሎ መጠየቁ ከእናታችን ጓዳ ይዘነው የመጣነው ነው። ስለዚህ በአያልነህ ቤት ጋኔኑ ከጓዳ ብቅ ሲል ያ ሁሉ ተሸካሚና አጫጅ በአንድ ድምፅ "ተናገር! ማን ነህ?" ይላል። ደመላሽም አፍንጫውን ደፍኖ በጋኔኑ ፈንታ ይመልሳል።

ለምን እወደው እንደነበር እውነቱን ልናገር። ሳምንቱን ሙሉ እፈራ ነበር። ወኪሉ ሒሳቤን ይከለክለኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ከሻ እፈራለሁ፤ ከሻ ማለት መታወቂያ የሌለውን ከመንገድ አፍሶ የሚወስድ አፈሳ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ እፈራለሁ። እነዚህ ፍርሃቶች ፊት የላቸውም፤ ማን ነህ ብለህ አትጠይቃቸውም። አርብ ከሰዓት ግን በሁለት ጅኔ ፊት ያለው፣ ያውም የእጅ ሰዓት ያሰረ ፍርሃት አገኝ ነበር። ጮኼ፣ ስቄ፣ ላቤን ጠርጌ ስወጣ ከተማው ቀሎኝ ይጠብቀኛል።

በዚያው ወቅት ለይታይሽ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ያየኋት ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ በደጀ ሰላሙ ከተኮለኮለው ጫማ ሁሉ የራሷን ሳታጎነብስ በእግሯ ጣት ስትለቅም አየኋትና እዚያው ተያዝኩ። አባቷ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነበር። "ልጁ ሠራተኛ ነው አላችሁኝ። በሬም ሠራተኛ ነው። ሐቀኛ መሆኑን እስካይ እስከ ኅዳር ሚካኤል ታገሡኝ።" አንድ ሌላ ጠያቂም ነበር፤ ፋው ከተማ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከአንድ የጭነት መኪና ድርሻ ያለው ነጋዴ። እኔ ያለኝ ጀርባዬ ነበር። አያ ተገኘ ደግሞ የጽጌን ጾም ሳይቀር የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ የአያልነህን ቤት "የሰይጣን ማኅበር" ነው የሚሉት። እዚያ ስገባ ቢያዩኝ ይታይሽን እንደማጣት አውቃለሁ። አውቄም በጓሮ እየዞርኩ እገባ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከውሃ መቅጃው አጠገብ ይታይሽ አገኘችኝ።

"አባቴ ሰምቷል" አለች ባልዲዋን ሳታስቀምጥ። "ሙላት ሰይጣን ቤት ይውላል ብለውታል።"

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"እሰይ።"

"ምን እሰይ ትላለህ? አባቴ ዝም ካለ በዓይኑ ሊያይ ነው።"

"በቃ ትቻለሁ። ነገም አልሄድ።"

ጥቂት ሄደችና ተመለሰች። "የነገው ዱባ ያለበት ነው አሉ፤ እውነት ነው?"

አልሄድም ብዬ ነበር። አርብ ቀትር ላይ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የአያልነህ ጄነሬተር ሲነሣ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነው።

ፊልሙ ተጋምሶ ሳለ የበሩ ጆንያ ተገለጠና ፀሐዩ ገባ። "ዝጋው እንጂ!" አለ አንዱ፤ ከዚያ ማን እንደገባ አየና አፉን ያዘ። ተመልካቹ ረድፍ በረድፍ ወደ በሩ ዞረ። አያ ተገኘ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ጨለማውን አልለመደም፤ እኔን አላዩኝም። ከኋላ አገዳው የላላበት ቀዳዳ ነበር፤ አጠገቤ የነበረው ልጅ ጎሸም አድርጎኝ በዚያ ሾለከ፣ ሌሎችም ተከተሉት። እኔ ግን ከጆንያዬ አልተነሣሁም። ፊት ለፊት የቆመው ደመላሽ ምንም አላየም፤ ትርጉሙን ቀጥሏል። ቴሌቪዥኑ ላይ ብጫ ጸጉሯ ልጅ በማንኪያ ዱባ ትፈለፍላለች።

"ምን እያደረገች ናት?" አሉ አያ ተገኘ።

 ደመላሽ ድምፁን አወቀውና ትርጉሙን አቋረጠ።

"እናንተን እኮ ነው!"

"ዱባ እየፈለፈለች ነው፣ አያ" አለ አያልነህ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

"ለወጥ?"

"አይ... ለሰይጣን ነው።"

"ውስጡንሳ?"

"ደፋችው።"

"የት ደፋችው?"

"ቆሻሻ ላይ፣ አያ።"

አያ ተገኘ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ድንበሩ ላይ ከአንድ ገበሬ የለመኗትን አንዲት ዱባ ከነልጣጯ ቀቅለው ልጆቻቸውን በእሷ አሻግረዋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋኔን ሊያወግዙ የመጡት ሰው ስለ ጋኔኑ ረሱ። "ሆ!" አሉ። "ሃይ የሚላት እናት የላትም?"

"ብቻዋን ነው የምትኖር።"

"ያስታውቃል" አሉና ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ፤ የሚቆጣት ሰው ይመጣ እንደሆነ ሊያዩ።

የመጣው ጋኔኑ ነው። ራሱ ላይ ከረጢት አጥልቆ፣ ቢላ ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ወጣ። ልጅቷ ጮኻ ደረጃውን ወጣች።

"ወዴት ነው የምትሮጥ?"

"ፎቅ ላይ፣ አያ።"

"ፎቅ ላይ ምን አላት? በሩ ከታች አይደለም እንዴ?"

"ሁሌም ወደ ፎቅ ነው የሚሮጡት" አለ ከጥግ አንዱ።

"ማን መከራቸው?" አሉና ብድግ አሉ። ዱላቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ፤ አያልነህ መስታወቱ ተሰበረ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። "አንተ! ሴት ልጅ ከምታባርር ተናገር እስቲ! ማን ነህ?"

የሳቀ አልነበረም።  ደመላሽ እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ አፍንጫውን ደፈነ።

"እኔ የሩቅ አገር ሰው ነኝ" አለ በጋኔኑ ድምፅ።

"የሩቅ አገር ሰው ሁላችንም ነን። የት ያዝኻት?"

"ከዱባው ዘንድ።"

"እህል ስትደፋ?"

"እህል ስትደፋ።"

"እሱን ደግ አደረግህ" አሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አያ ተገኘ ግን አልሳቁም፤ ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው ሊያደርሱት ነው። "በል ምን ብንሰጥህ ትለቃለህ? አመድ ነው?"

"አመድ ትቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ይሁንልህ?"

"ይታይሽን ለሙላት ስጡልኝ፤ አሁኑኑ እለቃለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።  ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮኻለች፣ የሚተረጉምላት የለም።

"ጋኔኑ አማርኛው የጎንደር ነው" አሉ አያ ተገኘ በመጨረሻ። "ሙላት የተባለው አለ እዚህ?"

ቀዳዳው አጠገቤ ነው። "አለሁ፣ አያ" አልኩ።

"ና ውጣ።"

ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ከአገዳው ግድግዳ ሥር አቆሙኝና እንደ ተያዘ ሰው ይጠይቁኝ ጀመር።

"ማን ነህ?"

"ሙላት ነኝ፣ አያ።"

"እዚህ ቤት ማን አመጣህ?"

ደመላሽ ነው ብል ነገሩ ይቀል ነበር፤ እሱም አይቀየመኝም። ኅዳር ሚካኤልም ይታይሽም ከምላሴ ጫፍ ላይ ቆመዋል። "ማንም አላመጣኝም" አልኩ። "በእግሬ ነው የመጣሁ። በየአርቡ እመጣለሁ፤ ደስ ይለኛል።"

"ምኑ ነው ደስ የሚለው?"

"መፍራቱ። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ነው የምፈራ። እዚህ ከሰው ጋር ሆኜ እፈራለሁ፤ ከዚያ ይቀለኛል።"

ዱላቸውን መሬት ላይ ወጋ ወጋ አደረጉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

"ከዚህ ቤት ሲወጣ ያየሁትን ሁሉ ጠይቄያለሁ" አሉ። "ሁሉም እገሌ ጎትቶኝ ነው ይላል። ያ የፋው ባለሱቅም፣ ወንድሜን ፍለጋ ገብቼ ነው አለኝ። ወንድም የለውም። የሚያፍርበትን ነገር በሰው የሚያላክክ፣ ነገ በሚስቱ ያላክካል።" ወደ በሩ አዩ። "ልጄን ግን በጋኔን አፍ አልሰጥም። ያ አፍንጫው የተደፈነው ልጅ ገላውን ታጥቦ፣ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ ሰው ደጄ ይጥና።"

 ሄዱ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ግን ቆመዋል።

"ያቺ ልጅ ምን ሆነች?"

"ገና አላለቀም፣ አያ።"

"ጾም ነው" አሉ ለራሳቸው። "ግን ሳላውቅ ብሄድ ልቤ አያርፍ።" ጆንያውን ገልጠው ተመልሰው ገቡ። ልጅቷ አመለጠች። አያ ተገኘ ስሟን ባያውቁትም አማተቡላት።

ደመላሽ የአያልነህን ጋቢ ተውሶ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ሄደ፤ ደንግጦ ሦስት ቃል በአፍንጫው እንደተናገረ እስከ ዛሬ ይወራል። በጥር ተጋባን። አያ ተገኘ ያንን ቤት ዳግመኛ አልረገጡም፤ ግን በየዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ "ሙላት፣ ዘንድሮስ ወደ ፎቅ መሮጡን አልተዉም?" ይሉኝ ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው። አያልነህም አርፏል። ደመላሽ መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል፤ መስመር ሲገኝ እንደዋወላለን። ቪዲዮ ቤቱ በነበረበት ቦታ ዛሬ ስልክ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ወጣት ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስናገር አንድ ነገር ራሴን ቆጠቆጠኝ። አባት ስሆን የአማቴን ዱላ ወረስኩ፣ ጥያቄያቸውን ግን ተውኩ። ልጄን በመጮኋ ተቆጣኋት እንጂ ምን እንደሚያስጮሃት አልጠየቅኋትም። በስልክ ላይ ተደፍቶ ቀን ማሳለፍን ዛሬም አልወድም፤ መጽሐፍ ይሻላል፣ ከዚህ አልነቃነቅም። ግን ከሰው ጋር የሚፈሩት ፍርሃትና ብቻን የሚፈሩት ፍርሃት አንድ አይደሉም።

"በል አስተርጉም" አለች ይታይሽ ከበሩ ላይ።

"እኔ?"

"አፍንጫ የለህም?"

ስልኩ ዳር ተቀመጥኩ፣ አፍንጫዬን ደፈንኩ። ሰላማዊት የእኔን አማርኛ ለካርቱም ልጆች ወደ አረብኛ ትመልሳለች፤ ከእኔ የባሰ ውሸታም አስተርጓሚ መሆኗን ያን ዕለት አወቅሁ። ጋኔኑ ሲወጣ "ኢንታ ሚኑ?" ብለው እንዲጮኹበት አስተማረቻቸው፤ ማን ነህ ማለት ነው። ከሁሉም ትንሿ፣ ከመጣች ጀምሮ በር ሲማታ አልጋ ሥር የምትገባው ልጅ፣ በመጀመሪያ በአንሶላው ውስጥ ሆና ጠየቀች፤ ኋላ ፍራሹ ላይ ቆማ ጠየቀች። ፊልሙ አልቆ ልጆቹ ሊበተኑ ሲሉ የግቢያችን በር በነፋስ ተላተመ። ሁላችንም ወደ እሷ አየን።  አልጋው ሥር ግን አልገባችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ዞረችና "ኢንታ ሚኑ?" አለችው። እናቷ ከአጥሩ ባሻገር ሆና ሰማቻት፤ "ነፋስ ነው፣ የኔ ልጅ!" ብላ በአረብኛ መለሰችላት፤ ልጅቷም "ኸላስ" አለች፣ በቃ ማለቷ ነው፤ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

ሰላማዊት ግን ሌላ ነገር ይዟታል። "ያ አቡይ፣ ቆይ፣ ሰርጉ በስንት አለቀ?" አለች። የዘንድሮ ሰርግ የሚበላውን ገንዘብ ስለምታውቅ ነው። ከእናቷ ጋር ተቀምጠን አስታወስነው። አያ ተገኘ ሁለት በግ ገዙ። አያልነህ ጄነሬተሩን ለሰርጉ ሰጥቶ አንድ አርብ ሙሉ ሳይሠራ ቀረ። ደመላሽ ለሽምግልናው የቀን ሥራውን ተወ። የቪዲዮ ቤቱ ደንበኞች፣ በቀዳዳ የሾለኩት ሳይቀሩ፣ የአንድ አርብ መግቢያቸውን አዋጡ። የቀረውን እኔ በጀርባዬ ከፈልኩ። ሁሉንም ደምሬ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጅኔ ነው ብዬ ስናገር ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች።

"የእጄን ሒና ረሳኸው" አለች። "እሱን እናቴ ናት የከፈለች፣ ለማንም ሳትናገር።"

ከነሒናው፣ ለሁላችንም፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ጅኔ።